እንግዳ ነጋዴና የአገሬው ሱቅ

ሰው ለራሱ የሚለምነውን መብት ለሌላው ሲከለክል በምን ሚዛን ይመዘናል? ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት ብቻ የሚነሣ ሊመስል ይችላል፤ ዛሬ ግን በሆሳዕና፥ በሆመቾና በዱራሜ ገበያ መካከል ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን የችርቻሮንና የጅምላን ንግድ ለብዙ ዓመታት ለዜጎቿ ጠብቃ ከኖረች በኋላ፥ በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶችም በሩን ከፈተች። ፒዛ ሀት የተባለው ዓለም ያወቀው ምግብ ቤት ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በ2010 ዓ.ም. በአንድ የኢትዮጵያ ኩባንያ አማካይነት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። ይህ የመዲናይቱ ጉዳይ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች፤ በከምባታም ምድር ወደ ሐምበሪቾ ተራራ ራስ የሚያወጡት 777 ደረጃዎች ጎብኚ እየጠሩ ነው። መንገደኛ በበዛበት ነጋዴ መከተሉ አይቀርም።

«አይግቡብን» የሚሉት ወገኖች ቃላቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ባለ አንድ ክፍሉ ሱቅ ጨውና ሳሙና ብቻ አይሸጥም፤ ዱቤም ይሰጣል። የመምህሩ ደመወዝ እስኪወጣ፥ የገበሬው እህል እስኪሸጥ ድረስ ስሙ በደብተር ሰፍሮ ይቈያል። ባለሱቁና ደንበኛው የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው፤ በለቅሶ ቤት አብረው ይቀመጣሉ። ባለ ብዙ ቅርንጫፉ መደብር ግን ዋጋውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ማንንም በስሙ አያውቅም። በጉልት ተቀምጣ ጥቂት ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ እናትማ ከእንዲህ ያለው ባለጋራ ጋር እንዴት ትፎካከራለች?

እኛም በዚህ ተስማምተን በቀረን ነበር፤ አንድ ሌላ ነገር ባያግደን። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። እዚያ የያዙት ሥራ በአብዛኛው ንግድ ነው፤ መጀመሪያ ዕቃ ተሸክሞ በየቤቱ ማዞር፥ ኋላም በድኾች ሰፈር ትንሽ ሱቅ መክፈት። በኅብረት በጅምላ እየገዙ፥ በጥቂት ትርፍ እየሸጡ፥ ማልደው ከፍተው አምሽተው እየዘጉ የአገሬውን ባለሱቅ በዋጋ ይረቱታል። እንግዲህ በጆሃንስበርግ ዳርቻ ባለ ቅናሽ መደብር የተባሉት የእኛው ልጆች ናቸው። የዚያ አገር ባለሱቆችም ዛሬ እኛ ልንለው የምንፈልገውን ቀድመውን ብለውታል፦ እንግዳው ገበያችንን ወሰደ፥ ትርፉንም ወደ አገሩ ይልካል። ቃሉ በቃልነቱ አልቀረም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሱቆች ተዘረፉ፥ ተቃጠሉ። ወደዚያ ሲጓዙ በመንገድ የቀሩትንስ ማን ይቈጥራቸዋል? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ ክፍለ ሀገር፥ በጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ታፍነው 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ወገኖቻችን ነበሩ። በሰው አገር ሱቅ የመክፈት መብት ምን ያህል እንደሚያወጣ ይህ ሕዝብ ያውቃል።

እነርሱ በላኩት ገንዘብ በሆሳዕና ፎቅ ተሠርቷል። በዚያው ፎቅ ሥር ቆመን እንግዳውን፥ እንግዳ ስለ ሆነ ብቻ፥ አትነግድ ብንለው በልጆቻችን ላይ የተፈረደውን ፍርድ በገዛ እጃችን አጸደቅን ማለት ነው።

«ትንሽ ሱቅና ታላቅ ኩባንያ አንድ አይደሉም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ይህን የሚል ሰው ግን ክርክሩን እንደ ለወጠው ያስተውል፤ አሁን የሚናገረው ስለ ባዕድነት ሳይሆን ስለ ኀይል ነው። ኀይል ከሆነ ደግሞ 230 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የራሳችን ባለጠጋም ከጥያቄው አያመልጥም። ከገዛበት ዋጋ በታች እየሸጠ ጎረቤቱን ካዘጋ በኋላ ዋጋ የሚሰቅል ነጋዴ፥ ፓስፖርቱ የየትም ይሁን፥ በአንድ ሕግ ሊያዝ ይገባዋል።

የገዢውን ነገርስ? አንድ ሊትር ዘይት ከአዲስ አበባ ሆሳዕና፥ ከሆሳዕናም ሆመቾ እስኪደርስ በየእጁ ጥቂት ጥቂት ይጨመርበታል። ባለሱቁን እንጠብቅ ስንል ያንን ጭማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው ድኻው ነው፤ በድኻ ኪስ ቸር መሆንም ቸርነት አይባልም።

ስለ ምግብ ቤቱ እንኳ ብዙ አንጨነቅም። በ1978 ዓ.ም. በሮማ ከተማ፥ በስመ ጥሩው የስፓኛ አደባባይ፥ ማክዶናልድ በተከፈተ ጊዜ ብዙዎች ተቃወሙ። ምግብ ቤቱ አልተዘጋም፤ ከተቃውሞው ግን ስሎው ፉድ የተባለው የአገር ምግብን የሚያከብር ማኅበር ተወለደ። በቡላና በቅቤ የሚሠራው የሀዲያ አታካና በያሆዴ በዓል ይከበራል፤ ለመንገደኛ በሆቴል ገበታ ስንት ጊዜ ይቀርብለታል? ማንም ሳያስገድደን ስፓጌቲን ያስቀደምነው እኛው ነን። ጎብኚው እንደ ሆነ ፒዛ ፍለጋ ሐምበሪቾን አይወጣም።

በበኩላችን መደብሩ ይግባ እንላለን፤ የሚያሳስበን ቦታው ነው። ትልቅ መደብር በከተማ መካከል ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ በከተማ መካከል ያለው ሰፊ መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ የገበያው ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ከታጠረ ውድድሩ ሳይጀመር አለቀ። መሬት በሚሰጥበት ጉባኤ ኩባንያው በጠበቃው ይናገራል፥ ባለሱቁም ለመናገር አያፍርም። የጉልቷ እናት ግን በሥራ ሰዓት ሽንኩርቷን ትታ ወደ አዳራሽ አትመጣምና፥ ሹማምንቱ አስቀድመው ወደ ተቀመጠችበት ሄደው ይጠይቋት።