ርክክብ ነው፣ ልጄ

ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ፤ ፀሐዩም በረድ ብሏል። የእንግዳ ማረፊያችንን ድረ ገጽ ጎብኚ የሚቆጥረውን መሣሪያ ከጎግል አናሊቲክስ ወደ ማቶሞ ልቀይር ነው ስትይኝ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ያስደነገጠኝ «ሰኞ አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን እተክላለሁ» ያልሽው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22። ወጣት ሳለሁ አንድ መጋዘን ስረከብ አስረካቢው ለመንገድ ቸኩሎ ነበርና መዝገቡን አምኜ፣ መደርደሪያውን ሳልቆጥር ፈረምኩ። ከወር በኋላ በቆጠራ ጉድለት ተገኘ። ጉድለቱ ከእኔ በፊት ይሁን ከእኔ ወዲህ የሚለይ ሰው ጠፋ፤ ከደመወዜ ተቆረጠ። ገንዘቡስ ተረሳ፤ እውነቱን ሳላውቅ መቅረቴ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አንቺም ሰኞ ቀይረሽ ማክሰኞ ቁጥሩ ቢወርድ፣ እንግዳው ቀንሶ ይሁን መቁጠሪያው ተለውጦ በምን ታውቂያለሽ?

ይህችን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ተቆረቆረች። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ 1.435 ሜትር። ልዩነቱ አንድ ክንድ አይሞላም፤ የአሮጌው ፉርጎ ግን በአዲሱ ላይ አይሄድም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ እስኪመጣም ዓመታት አለፉ። በዚያ መሐል በባቡሩ ይነግዱ የነበሩ እናቶች እንዴት እንደከረሙ አይቻለሁ።

የአንቺም መቁጠሪያዎች ስፋታቸው ለየቅል ነው። ሁለቱም «ባውንስ ሬት» የሚሉት፣ ገብተው ዘለው ወጡ የሚሏቸውን ሰዎች ድርሻ የሚያሳይ ዓምድ አላቸው። ጎግል ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየን ሰው እንደ ዘለለ አይቆጥረውም። ማቶሞ ግን አንድ ገጽ ብቻ ከፍቶ የወጣውን ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያነብ፣ ከዘለሉት ይደምረዋል። የእኛ እንግዳ ደግሞ ስልክ ቁጥራችን ያለበትን ገጽ ከፍቶ፣ ሁለት ደቂቃ አንብቦ፣ ደውሎ አልጋ ይይዛል። ለአንዱ ገብቶ የተቀመጠ፣ ለሌላው ከበር የተመለሰ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ሽቅብ ሲወጣ ደንግጠሽ ደህናውን ገጽ ብታፈርሺው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቁጠሩ፤ ቢያንስ አንድ ቁልቢ ገብርኤል ይለፍባቸው። ቤታችን የሚሞላው ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 መሆኑን ታውቂያለሽ፤ መቁጠሪያው ግን አያውቅም። እሱ የሚያየው የፈረንጁን ቀን ነው። ታኅሣሥ 19 አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት 29 ይሆናል። ኢዶቹም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደሙ ይመጣሉ። የበዓላቱን ቀን በእጅሽ ካልጻፍሽ የአምናውንና የዘንድሮውን ስታስተያዪ ትሳሳቻለሽ። ሁለቱ መቁጠሪያዎች እኩል ቁጥር አይሰጡሽም፤ አትጠብቂ። ልዩነታቸው ከሳምንት ሳምንት ያው ከሆነ ግን ልኩን አውቀሽዋል።

የአሮጌውን መዝገብ ደግሞ ዛሬውኑ አውጪ። ጎግል የቀድሞውን ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. መቁጠር አስቆመ፤ በዓመቱ ሰኔ 24 ቀን 2016 የተከማቸውንም ዘጋ። ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሳያወርዱ የቀሩት በኋላ ቢጮኹ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አሁን በምትጠቀሚበትም ቢሆን ዝርዝር መረጃው የሚቆየው፣ ካልነካሽው፣ 2 ወር ብቻ ነው፤ 14 አድርጊው። ማቶሞ የጎግልን ሪፖርት የሚያስገባ ተጨማሪ መሣሪያ አለው፤ የሚያስገባው ግን ድምሩን ነው። የየወሩን ሪፖርት አውርደሽ ከእኛ ዘንድ አስቀምጪ።

ደግሞ የአሮጌው መቁጠሪያ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት እንደሆነ፣ ሳይርቅ ፈልጊውና የአስተዳዳሪነቱን መብት በማረፊያው ኢሜይል ያስመዝግብ። ይህ ሳይሆን ሌላውን ብትጀምሪ ድካም ነው።

ማቶሞን በራሳችን ሰርቨር ላይ መትከልሽን እወደዋለሁ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ነገር ግን የራስ መጋዘን የራስ ዘበኛ ይፈልጋል፤ ቅጂ መያዙም፣ ማደሱም፣ መብራት ሲጠፋ መድረሱም ያንቺ ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የእንግዳን መረጃ መጠበቅ በሕግም ይጠየቃል።

ነገ በማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ኮምፒውተርሽንና አንድ ባዶ ደብተር ይዘሽ ነይ። በየወሩ የምናያቸውን ቁጥሮች እናስቀድማለን፤ ማንም የማያነበውን እንተወዋለን። አንቺ ከአሮጌው ታነቢያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ስንጨርስ ሁለታችንም እንፈርማለን።