ቀጭኔዋ ፀሐይና አያ ጅቦ

ሰው ከመልካም አርአያ ይልቅ ይማራልን ወይስ ከክፉው? በቦሌና በገርጂ ብዙ ልጆች በሁለት አስተማሪዎች እጅ አድገዋል። አንደኛው ከአያት አፍ የሚወጣው አያ ጅቦ ነው፤ ሁለተኛይቱ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት በቴሌቪዥን የታየችው አሻንጉሊት፥ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ ናት።

ፀሐይ አንገቷ ረጅም ነውና ሁሉን አየሁ ብትል ባልተፈረደባት ነበር፤ እርሷ ግን ዝቅ ብላ ትጠይቃለች። አያ ጅቦ ግን፥ ተረቱ እንደሚለው፥ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ይላል። ክብር የፈለገ ይመስላል፤ አሳቡ ግን ቁርበቱን መብላት ነው።

ፀሐይ ትበልጣለች ማለት ይቀላል። ነገር ግን ልጅ በፀሐይ ራሱን ያያል፤ በጅቡ ሲስቅ ሌላውን ያየ ይመስለዋል። አድጎ በቦሌ የሠርግ አዳራሽ ማንም ሳያውቀው ከከበሬታው ወንበር ተቀምጦ ዓይኑን ከቁርጡ ላይ ሲተክል ግን፥ የሳቀበት አውሬ ማን እንደ ነበረ ይገባዋል።

እንግዲህ ፀሐይ ልጁን ለማሳደግ፥ ጅቡም ያደገውን ለመገሠጽ ያስፈልጋሉ። አለማወቁን የሚገልጥ ይማራል፤ ረኃቡን በክብር የሚሸፍን ግን የሚከበረው ቁርበቱ እስኪያልቅ ድረስ ነው።