በድምፃችሁ ልክ ሥራ ፈልጉ

ልጆቼ፣ ድምፅ ተሰጥቷችሁ በሙዚቃ ለመኖር የምታስቡ ብዙ ናችሁ። «ድምፄ ቀጭን ነው፤ አዳራሽ አይሞላም» እያላችሁ ገና በጠዋቱ ተስፋ ስትቆርጡ ግን አዝናለሁ። እንዲህ ለምትሉት የእንግሊዛዊቷን ሶፕራኖ የኤማ ከርክቢን የሥራ ሕይወት ላሳያችሁ።

ኤማ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ኦክስፎርድ የገባችው የጥንት ግሪክና የላቲን ሥነ ጽሑፍ ልትማር እንጂ ድምፃዊት ልትሆን አልነበረም። በትርፍ ጊዜዋ በተማሪዎች መዘምራን ውስጥ ትዘምር ነበር፤ ከተመረቀች በኋላም በመምህርነት ሠርታለች። ያኔ የክላሲካል ድምፃዊ መለኪያው ኦፔራ ነበር። ኦፔራ ደግሞ ያለ ማይክሮፎን ትልቅ ኦርኬስትራን አልፎ የሚሰማ፣ ወፍራምና የሚርገበገብ ድምፅ ይፈልጋል። የእሷ ድምፅ ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለና ቀላል ነው። ለዚህ ድምፅ የሚስማማው ከ1750 በፊት የተደረሰው ሙዚቃ ሆነ።

ዕድሉም ገጠማት። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የድሮውን ሙዚቃ በድሮው መሣሪያና በድሮው ስልት ለመጫወት የተነሱ ሰዎች ነበሩ። ክሪስቶፈር ሆግውድ በ1973 «አካዳሚ ኦፍ ኤንሸንት ሚውዚክ» የተባለውን ኦርኬስትራ አቋቋመ፤ አንቶኒ ሩሊ ደግሞ «ኮንሶርት ኦፍ ሚውዚክ» የሚባል አነስተኛ ቡድን ይመራ ነበር። ኤማ ከሁለቱም ጋር ለብዙ ዓመታት ሠራች። የቫዮሊኖቻቸው አውታር ብረት ሳይሆን ከበግ አንጀት የሚሠራ ነው፤ የበገናችንም አውታር የሚሠራው ከዚሁ ነው። ቅኝታቸውም ከዛሬው በግማሽ ድምፅ ገደማ ዝቅ ይላል።

ከሁሉ በላይ እንድታስተውሉት የምፈልገው ከሉት ጋር መዝፈንን ነው። ሉት በጣት የሚመታ፣ ጀርባው ክብ የሆነ፣ ድምፁ እጅግ ለስላሳ መሣሪያ ነው። ጆን ዳውላንድ በ1597 ያሳተማቸው የመጀመሪያ ዘፈኖቹ፣ አንድ ሰው ብቻውን ወይም አራት ሰዎች አብረው ሊዘፍኗቸው የሚችሉ ሲሆኑ፣ የሚታጀቡት በዚህ ነው። አውታሩ እንደተመታ ድምፁ ወዲያው መክሰም ይጀምራል። ዘፋኙ ከጮኸ ሉቱ ጨርሶ አይሰማም፤ ቃሉን ካዘገየ ደግሞ የሉቱ ድምፅ ቀድሞት ይጠፋል። እያንዳንዱ ፊደል በጣቱ ምት ላይ ልክ ማረፍ አለበት። እዚህ ላይ ቀጭን ድምፅ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ራሱ ችሎታ ይሆናል።

ይህ ሙዚቃ በቃል የቆመ ስለሆነ ቋንቋ ተማሩ። አጠራሩን በቃል ሸምድዶ መድረክ ላይ መውጣት ሙያ አይደለም። የኤማ ላቲን ከንቱ አልቀረም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረችውን መነኩሲት የሂልደጋርድን መዝሙሮች ጎቲክ ቮይስስ ከተባለው የድምፃውያን ቡድን ጋር ስትቀርጽ የምትዘምረውን ታውቅ ነበር። ያም ቅጂ በብዛት ተሸጠ።

ሌላም ነገር አለ። አውሮፓ ውስጥ የዚህ ሙዚቃ ትምህርት ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ኖሮ መሐል ላይ ተቋረጠ። ወረቀቱ ላይ ያለው የዜማው አጥንት ብቻ ነው፤ ጌጡን የሚጨምረው ዘፋኙ ነው፤ እንዴት እንደሚጨምር የሚነግረው ግን በ1602 እንደታተመው የጁሊዮ ካቺኒ መጽሐፍ ያለ ጽሑፍ ነው። በእኛ አገር የድጓ ተማሪ ዜማውን ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ አጥንቶ፣ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ክሩ አልተበጠሰም። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ልጆች ጆሯችሁና የማስታወስ ችሎታችሁ የተገራ ስለሆነ አትናቁት። ይሁን እንጂ ኖታ በዓይን አይቶ ወዲያው መዝፈን ግድ ነው። የድሮ ሙዚቃ ቡድኖች የሚለማመዱት ለጥቂት ቀናት ስለሆነ ኖታ የማያነብን ሰው አይጠሩም።

የገንዘቡን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ እበድላችኋለሁ። በዚህ ሙያ ወር ጠብቆ የሚከፈል ደመወዝ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ብዙዎቹ በጥሪ ይሠራሉ፤ በፋሲካ ሰሞን የባኽ ሕማማት፣ በገና በዓል የሃንደል «መሲሕ» ይመጣል፤ በመሐል ያለው ወር ጭር ይላል። ስለዚህ ማስተማርን ወይም ሌላ ሥራን ጎን ለጎን ያዙ፤ ማንም አያንሳችሁም። አውሮፓ ያላችሁ በ1933 ባዝል ከተማ የተመሠረተውን የድሮ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስኮላ ካንቶሩምን ጠይቁ። የትም ተማሩ የት ግን ጉሮሯችሁን እያመማችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ፣ ወይ አስተማሪው ወይ ሙዚቃው ለእናንተ አይሆንም፤ ሳይውል ሳያድር ለውጡ።

ኤማ በ2007 «ዴም» የሚለውን የእንግሊዝ የክብር ማዕረግ ተቀበለች፤ ስድሳን አልፋም መዝፈኗን አላቆመችም። ድምፅዋን በአቅሙ ስላሠራችው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን አንድ ነገር አድርጉልኝ። በሄንሪ ፐርሴል «ዳይዶና ኢኒያስ» መጨረሻ ላይ ንግሥቲቱ ልትሞት ስትል የምታዜመውን ሙሾ፣ ጃኔት ቤከር በ1961 እንደቀረጸችው አዳምጡ፤ ከዚያ ኤማ በ1981 የቀረጸችውን። የአንዷ ድምፅ ሰፊና ከባድ ነው፣ የሌላዋ ቀጭንና ጥርት ያለ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የእናንተ ድምፅ ለየትኛው እንደሚቀርብ ለይታችሁ ዕወቁና አስተማሪ ፍለጋ ውጡ።