ዘበኛውን ማን ይጠብቀው?

አመሻሹ ላይ ከዳሞታ ተራራ ብርድ ይወርዳል፤ በሶዶ ከተማ ሱቆች ተራ በተራ ይዘጋሉ። በየበሩ ሁለትና ሦስት ቁልፍ ይከረቸማል። ከዚያ ጋቢ የደረበ ሰው ዱላውን ይዞ ይመጣና በረንዳው ላይ ካርቶን አንጥፎ ይቀመጣል። የአሥራ አንድ ሱቅ ንብረት በአደራ ተሰጥቶታል፤ ቁልፉ ግን አልተሰጠውም።

ከሱቆቹ አንዱ የአክስቴ ነበር። አንድ የክረምት ሌሊት ሌባ በጓሮ በኩል ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ቆርቆሮ ገንጥሎ ገባ። ዘይት፣ ሳሙናና የዕለቱን ገንዘብ ይዞ ሄደ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ምን ይሰማል? ሲነጋ ባለሱቆቹ ተሰብስበው «ያለ እርሱ እጅ አይሆንም» አሉ። የሁለት ወር ደመወዙ ለኪሣራው ተይዞ ተባረረ። «እትዬ፣ እኔ ብሰርቅ ኖሮ ነግቶ እዚህ ታገኙኝ ነበር?» አላት አክስቴን። መልስ አልሰጠችውም። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አክስቴን ማስቀየም አልፈለግሁም።

ጥንት በአገራችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ በምሥጢር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል። ሌባው ካልተገኘ ኪሣራውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። ሥርዓቱን ለማወደስ አይደለም፤ ሰውን ሥራ ያስፈታል፤ በጭምጭምታ ንጹሑን ሊያስቀጣ ይችላል። ነገር ግን ጥርጣሬውም ዕዳውም የሁሉም ነበር። እኛ ጥርጣሬውን ወርሰን የጋራ ዕዳውን ጣልነው። አሥራ አንዱ ጠርጣሪ፣ አንዱ ከፋይ ሆነ።

የባለሱቆቹ ሕመም ቀላል ነው አልልም። አክስቴ ዕቃውን ያመጣችው በዱቤ ነበር። አደራ የተቀበለም ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ መጠየቅና መፍረድ ለየቅል ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሒደት እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዘበኛው ግን ክስ እንኳ አልቀረበበትም፤ ቅጣቱ ቀደመ።

ሶዶ ዛሬ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ካሜራ የሰቀሉ ሱቆችም አይቻለሁ። መልካም ነው፤ በሩን ብቻ ሳይሆን ጣሪያውንም ማጠናከር ብልህነት ነው። ግን ካሜራው የሚያየው የሚገባውንና የሚወጣውን ነው፤ በባለሱቆች ስብሰባ ላይ የሚፈጸመውን አያይም። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ይባላል። እኛስ ሳንሰርቅ አለማመንን ከየት ተማርነው?

ለነገሩ ሳንሰርቅ ማለቴም ስሕተት ነው። በዚያ በረንዳ ሁለት ስርቆት ተፈጽሟል፤ አንዱ በሌሊት በጣሪያ በኩል፣ ሌላው በጠራራ ፀሐይ በደጅ። የመጀመሪያውን ሌባ አላየሁትም። በሁለተኛው ግን ነበርሁበት።