ያበላ ሁሉ ባለውለታ ነውን?

ክርክሩ የተነሣው ማታ ዶርም ውስጥ ነው። ከእኛ አንዱ በስልኩ አንድ ፊልም አሳየን። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባስቀመጠው የመስታወት ገንዳ፣ ጣት የምታህል የባሕር ፍጥረት ያኖራል። ፈረንጆቹ ማንቲስ ሽሪምፕ ይሏታል፤ ዘመዶቿ በእኛው ቀይ ባሕርም ይኖራሉ። ሰውየው በረጅም ወረንጦ ቁራጭ የዓሣ ሥጋ ሲያቀርብላት፣ ከድንጋይ ቀዳዳዋ ብቅ አለችና መንጭቃ ተመለሰች።

«ታድላ!» አለ አንዱ። «ቤት አላት፣ ቀለብ አላት፣ ጠላት የላት። እኛ እኮ ለሽሮ ካፌ ተሰልፈን ነው የምንውለው።» ሳቅን። የዳሪሙው ልጅ ግን አልሳቀም። «እኔ ይህን ቤት አውቀዋለሁ፤ የጥርኝ ቤት ነው» አለ።

እንግዲህ ከዚያ ምሽት ጀምሮ የሚያከራክረን ጥያቄ ይኸ ነው፦ አስሮ የሚያበላ ሰው ለታሰረው ባለውለታው ነው ወይስ ባለዕዳው?

በገንዳው ባለቤት ላይ ከመፍረዳችን በፊት ድካሙን እንይለት። ሰውየው ባሕርን በሳሎኑ መሥራት አለበት። በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይገባል፤ ሙቀቱም 25 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ውሃው ተንኖ ሲጎድል የሚጨመረው ጨው የሌለበት ውሃ ነው፤ ጨው አይተንምና። ፍጥረቷ ብቻዋን ትኖራለች። ጎረቤት ቢያመጡላት በቡጢዋ ሰባብራ ትበላዋለች። የአንዷ ትልቅ ዘመዷ ምት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲለካ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 23 ሜትር ደርሷል። ስለዚህ ተቆርጦ የቀረበ ሥጋ ብቻ አይበቃትም። ዐዋቂ የሆነ አሳዳሪ አልፎ አልፎ በሕይወት ያለ የባሕር ቀንድ አውጣ ይጥልላታል፤ ቅርፊቱን ሰብራ፣ ለፍታ እንድትበላ።

ከሁሉ የገረመን ግን ሌላ ነው። ቅርፊቷን የምትቀይርበት ጊዜ ሲደርስ የቀዳዳዋን አፍ በጠጠር ትደፍናለች። ሰውነቷ ያን ጊዜ ለስላሳ ነውና ማንንም አታምንም። ቀናት ያልፋሉ፤ አትበላም፣ አትወጣም። ታዲያ ያኔ የጥሩ አሳዳሪ ሥራ ምንድን ነው? ጠጠሩን አለመነካካት፣ ምግቡን ይዞ መመለስ! በሩን የዘጋችው እሷ ናትና።

አሁን ወደ ጥርኙ እንምጣ። በኢሉባቦር፣ በጅማና በወለጋ «ጥርኝ ማርባት» እንላለን እንጂ ጥርኙ እዚያ አይራባም፤ ከጫካ በወጥመድ የተያዘ ወንድ ነው። በጫካው ሳለ ሌሊት ብቻውን እየዞረ አይጥና ነፍሳት ያድናል፣ የበሰለ ቡና እየለቀመ ፍሬውን በሄደበት ይዘራል። ተይዞ ሲመጣ ከእንጨት በተሠራ፣ መዞሪያ እንኳ በሌለው ጠባብ ሳጥን ይገባል። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ተብሎ እሳት ይነድበታል። በየዘጠኝ ቀኑ ገደማ ተይዞ ከጅራቱ ሥር ያለው ዝባድ ይፋቃል። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ተሞልቶ ወደ ሽቶ ቀማሚዎች አገር ይሄዳል። ለብዙ ዘመን በዓለም ገበያ የሚበዛው ዝባድ ከኢትዮጵያ የሄደው ነበር።

ምግቡስ? ገንፎ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ! የዳሪሙው ልጅ እንደነገረን፣ ከቤተሰቡ ገበታ ሥጋ ሲጠፋ ከጥርኙ አይጠፋም ነበር። «የእኔ ደብተር የተገዛው በዝባድ ነው፤ አባቴን ክፉ እንዳትሉብኝ» አለን። አባቱ «ከልጆቼ አስበልጬ አበላዋለሁ፤ ምን በደልኩት?» ይሉ ነበር አሉ።

እኛም አባትየው ዋሹ አንልም። ቅቤው እውነተኛ ቅቤ ነው። ነገር ግን ጥርኙ ሳይያዝ በፊት ራሱን ይመግብ ነበር። ያን ችሎታውን የወሰደበት ሰው ቢያበላው የወሰደውን በከፊል መለሰ እንጂ ቸርነት አላደረገም። የገንዳው ባለቤትም ከዚህ ዕዳ አያመልጥም፤ ልዩነቱ ለእስረኛው አንዲት ትንሽ «እምቢ» ትቶለታል። ጥርኙ ግን የሚዘጋው በር የለውም።

ባገራችን ማብላት ትልቅ ነገር ነው። እናቶቻችን «በሞቴ!» እያሉ ያጎርሱናል። ጉርሻን ጉርሻ ያደረገው ግን፣ ተለማምጠውን እምቢ ካልን እጃቸውን መመለሳቸው አይደለም ወይ? «ባጎረስኩ ተነከስኩ» የሚለው ተረታችንም የአጉራሹ አቤቱታ ነው። የነከሰው አፍ ምን ሆኖ እንደነከሰ የጠየቀ የለም። እኛም ብንሆን የካፌ እንጀራ እየበላን አንዳንዴ «በልታችሁ ዝም በሉ» እንባላለን። ከጥርኙ የምንለየው ግቢው በር ስላለውና መውጣትና መናገር ስለምንችል ነው። ይህን ካጣን የወጡ መጣፈጥ ምን ያደርግልናል?

አንዱ «ታዲያ የድሃ ገበሬ ገቢ ይቅር?» ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት የዝባድን ጠረን የሚሰጠው ንጥረ ነገር የ17 ካርቦን ቀለበት መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ ዛሬ በፋብሪካ ይሠራል። ሽቶ ያለ ጥርኝ ይሆናል ማለት ነው። ደብተሩን ግን ፋብሪካው አይገዛም። ስለዚህ ቢያንስ ሳጥኑ ይስፋ፣ መዞሪያና መደበቂያ ይኑረው እንላለን። ሰፍቶም ቢሆን ዕዳው ተከፈለ አንልም።

መብራት ልናጠፋ ስንል የዳሪሙው ልጅ ይህን ጨመረ። አንድ ሰሞን ጥርኙ መብላት አቆመ። አባቱ ቅቤ ጨመሩበት፣ ማር ጨመሩበት፣ ሌሊቱን አጠገቡ ተቀምጠው «ምን ጎደለህ?» አሉት። «ከዚያስ?» አልነው። «ሞተ። አባቴ አለቀሰ። ለዝባዱ ይሁን ለጥርኙ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

እኛም አላወቅንም። የሚያውቅ ካለ ወይም የማይስማማን ካለ፣ ገጹ ክፍት ነውና ይጻፍልን።