የመቀነቱ ቀን



ሱረቱል ከህፍን ያልቀራችሁ ቅሩ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዙ፤ ከዚያ ተመለሱና ይችን አንብቡ።

በዚህ ሳምንት ከሞጣ አንዲት እህት ጻፈችልኝ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጌ ፍሬ ነገሩን እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች። አብራት ያደገች፣ አብራት የቀራች ጓደኛ አለቻት፤ ያገባች። ባሏ በእንግዳ ፊት ይሰድባታል፤ ምንም እንደማታውቅ፣ ያለ እሱ ምንም እንዳልሆነች ይነግራታል፤ አንዳንዴም እጁን ያነሳባታል። ዘመዶቿ "ቻይው፣ የማያልፍ የለም" ይሏታል። ጠያቂዋ ደግሞ በራሷ የምትተማመን፣ የራሷን ሥራ የምትሠራ፣ ያመነችበትን ከመናገር የማትመለስ ሴት ነች። "እኔ ብሆን አንድ ሌሊት አላድርለትም፤ አንቺ እኮ ሞኝ ነሽ እላታለሁ" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ "ግን ኡስታዝ፣ በነገርኳት ቁጥር ትሸሸኛለች። አሁን ስልኬንም አታነሳም። ምን ልበላት?"

ይህ ጥያቄ ሦስት ቀን ከኔ ጋር ዋለ አደረ። ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት ከደርስ በኋላ አንዲት እህት ቆማ ስለ ቤቷ ልትነግረኝ ጀመረች። ግማሹን እንኳ ሳልሰማት የሰብርን ትሩፋት ደርድሬላት ሸኘኋት። የነገርኳት ሐዲስ ሁሉ ሶሒሕ ነበር። እሷ ግን ከኔ ይዛ የሄደችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ማለት እንዳለባት። አላህ ይማረኝ።

አሁን ወደ አንድ ታሪክ ልውሰዳችሁ። ኢማሙ ቡኻሪ ዘግበውታል፤ ተራኪዋ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናቸው።

አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ስሟ አልተጻፈልንም። የአንድ የዐረብ ጎሣ ባሪያ ነበረች፤ ነፃ አወጧት፤ እሷ ግን ከእነርሱው ጋር መኖሯን ቀጠለች። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ነፃ ወጥታለች፣ የሚያስራት የለም፣ ግን አልሄደችም። "ለምን አልሄደችም?" የሚል ሰው "የት ትሂድ?" የሚለውን አላሰበበትም። ወገን የሌላት ሴት ከበደሏት ሰዎች ሌላ የምታውቀው ደጅ ላይኖራት ይችላል።

አንድ ቀን ከጎሣው ልጃገረዶች አንዷ ከቀይ ቆዳ የተሠራ መቀነት አድርጋ ወጣች። ወይ አውልቃ አስቀመጠችው፣ ወይ ወደቀባት፤ ብቻ መሬት ላይ ነበር። ጭልፊት ከላይ አየው፤ ቀይ ነውና ሥጋ መሰለው፤ ነጥቆት በረረ። (ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲያንዣብብ ያያችሁት ሁሉ ይገባችኋል፤ ጭልፊት አይጠይቅም።) መቀነቱ ተፈለገ፣ ታጣ። ጣቱ ማን ላይ እንደተቀሰረ መናገር አያስፈልገኝም። ፈተሿት። ራሷ እንደተናገረችው፣ ኀፍረተ ገላዋን ሳይቀር ፈተሿት።

እንደዚያ ከበዋት ቆመው ሳለ ጭልፊቱ ሲያልፍ መቀነቱን ጣለው። መሐላቸው ወደቀ። እሷም የጠረጠራችሁኝ በዚህ ነበር፣ እኔ ከዚህ ንጹሕ ነኝ፣ ይኸውላችሁ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ሰለመች። መስጂዱ ውስጥ ትንሽ ድንኳን ነበራት። አዎ፣ በነቢዩ መስጂድ ውስጥ። ቤት የሌላት ሴት ቤቷ እዚያ ሆነ። (መስጂድ ስንሠራ የሴቶችን ቦታ በተረፈችው ጥግ የምናስብ ሰዎች ይህን ሐዲስ ደግመን ብንቀራው ደስ ይለኛል።)

ከዚያች ድንኳን እየወጣች ዓኢሻ ዘንድ ትመጣለች፤ ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ። በተቀመጠች ቁጥር ታዲያ የምትላት አንዲት ስንኝ ነበረቻት፤ ያን የመቀነት ቀንና ጌታዋን የምታወሳባት። አንድ ቀን ዓኢሻ ጠየቋት፤ እኔ ዘንድ በተቀመጥሽ ቁጥር ይህን የምትይው ምን ሆነሽ ነው? ያኔ ነው ሴቲቱ ሁሉንም የነገረቻቸው።

ይህ ሐዲስ ሲነገር ሰው የሚደነቀው በጭልፊቱ ነው። እኔን የሚይዘኝ "በተቀመጠች ቁጥር" የሚለው ነው። አንድ ቀን አይደለም የመጣችው። ስንኟንም አንዴ ብላ አልተወችም። የተዋረደ ሰው ሕመሙን በአንድ ጊዜ አያወጣውም፤ ጫፏን ያሳይህና ፊትህን ያያል። ፊትህ ከጠቆረ ወይም ምክር ለመደርደር ከቸኮልክ መልሶ ይሸፍናታል። ዓኢሻ ግን "አሁንም እሱኑ?" አላሏትም። አስለመዷት፤ ከዚያ ጠየቋት። የጠየቋትም ስለ ሆነባት ነገር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አብረሻቸው ኖርሽ የሚል ጥያቄ ሐዲሱ ውስጥ የለም።

ዓኢሻ ደግሞ ማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ከ2,200 በላይ ሐዲስ የተላለፈላቸው፣ ታላላቅ ሶሓቦች የቸገራቸውን መስአላ ይዘው የሚጠይቋቸው፣ የተሳሳተውን ማንም ይሁን ማን ከማረም የማይመለሱ ሴት ናቸው። በራስ መተማመን ከተባለ እሳቸው ነበሩ። ያ መተማመናቸው ግን ያችን ሴት አላሳነሳትም። እንዲያውም ከዚያ ሁሉ ዕውቀት ጋር የእሷንም ታሪክ እንደ ዕውቀት ቆጥረው አስተላለፉት። እነዚያ ሰዎች እንደ ሌባ የፈተሿት ሴት ዛሬ ሞጣ ላይ ተቀምጠን የምንማርባት የሆነችው፣ አንዲት ጓደኛ ቁጭ ብላ ስለሰማቻት ነው።

እህቴ፣ አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ለጓደኛሽ የምትቆረቆሪ መሆንሽን አልጠራጠርም። ግን አስቢው። ባሏ ምንም አታውቂም ይላታል። አንቺ ሞኝ ነሽ ትያታለሽ። የሁለታችሁ ልብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ጆሮዋ ላይ የሚደርሰው ቃል ግን አንድ ነው። እሱ ከእሱ ያነሰች መሆኗን ይነግራታል፤ አንቺም ካንቺ ያነሰች መሆኗን። "እኔ ብሆን" የምትይውን ተይው። አንቺ አይደለሽም። አንቺ ተመልሰሽ የምትገቢበት ቤት፣ ተማምነሽ የምታወጪው ገንዘብ አለሽ፤ እሷ ምን እንዳላት ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

ዓኢሻ ሌላም ሴት ነበሩላት፤ ባሪራ። ባሪያ ነበረች። ነፃ ለመውጣት በየዓመቱ አንድ ኡቂያ፣ በጠቅላላው 9 ኡቂያ ልትከፍል ከጌቶቿ ጋር ተዋውላ እርዳታ ፈልጋ መጣች። ዓኢሻ በአንዴ ከፍለው ነፃ አወጧት። ነፃ ስትወጣ ባሏ ሙጊስ ገና ባሪያ ነበርና፣ ሸሪዓው ከእሱ ጋር መኖርን ወይም መለየትን እንድትመርጥ መብት ሰጣት። መለየትን መረጠች። ሙጊስ በደላት አይባልም፤ ይወዳት ነበር። ኢብኑ ዐባስ እንደሚሉት በመዲና ጎዳናዎች እያለቀሰ ይከተላት ነበር፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለትና ብትመለሺለት አሏት። እሷም ጠየቀች፤ እያዘዙኝ ነው? እሳቸውም አማላጅ መሆናቸውን ብቻ ነገሯት። እንግዲያስ አልፈልገውም አለች።

ትናንት የምትሸጥ የምትለወጥ የነበረች ሴት፣ ዛሬ ከአላህ መልእክተኛ ፊት ቆማ ትእዛዝንና ምክርን ለይታ ትጠይቃለች! አልተቆጧትም። ዓኢሻም "ገንዘቤን ከፍዬልሽ" ብለው በምርጫዋ ሲገቡ አናይም። ይህን ለጠንካራ ጓደኞች ሁሉ የምነግራችሁ ለዚህ ነው። ከአንድ ጌታ አውጥተሽ አንቺ ሌላ ጌታ እንዳትሆኚባት። ልትቆይ ትችላለች፣ ልትታረቅ ትችላለች፣ ልትለይም ትችላለች። ምርጫው የእሷ ነው፤ ያንቺ ድርሻ መምረጥ እንደምትችል እስክታውቅ አብረሻት መሆን ነው። ክብሯን የሰጣት አላህ ነው፤ የአደምን ልጆች ማክበሩን በቁርኣኑ ነግሮናል። አንቺም ሆነ ባሏ የምትሰጧት ወይም የምትነፍጓት ነገር አይደለም።

"ሰብርስ?" ትሉኛላችሁ። የሞጣ ሰው ሰብርን ከማንም በላይ ያውቃል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ እንደ ዛሬው ጁሙዓ ነበር፤ መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ሱቆች ተዘረፉ። ያኔ ሰብር አድርገናል። ግን ዝም አላልንም። በየከተማው ወጥተን ፍትሕ ጠይቀናል፣ ለመልሶ ግንባታው አዋጥተናል። አንድ ሰው መጥቶ "ምን አድርጋችኋቸው ነው?" ቢለን ኖሮ እንዴት ባመመን! በቤቷ ለምትመታ እህት ግን ይህንኑ ጥያቄ እንጠይቃታለን፤ ምን ብለሽው ነው?

አቡ ዳዉድ የዘገቡትን ተመልከቱ። ሐቢባ ቢንት ሰህልን ባሏ ሳቢት ኢብን ቀይስ መቷት አካሏን ጎዳት። ከሱብሒ በኋላ ወደ ነቢዩ መጥታ ከሰሰች። ሳቢት ተራ ሰው አልነበረም፤ በጀነት የተበሰረ ታላቅ ሶሓባ ነው። ነቢዩ ግን "እሱ እኮ ደግ ሰው ነው" ብለው አልመለሷትም። የሰጣትን አትክልት ተቀብሎ እንዲለያት አደረጉ። እኛ ዘንድ ባልየው መጀመሪያ ሰፍ ላይ የሚሰግድ ከሆነ የሚስቱን ክስ የሚሰማ ሽማግሌ ማግኘት ጭንቅ ነው። ወንድሞቼ፣ እናታችን ዓኢሻ ነቢዩ ሴትንም አገልጋይንም በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ መስክረዋል። ሱናን የሚወድ ከዚህ ይጀምር።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ስልክ ካላነሳች በእግርሽ ሂጂ። ሞጣ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳልና የነገረችሽን ለእናትሽም አትንገሪ። ስለ ባሏ ክፉ አታውሪላት፤ ነገ ቢታረቁ ያፈረችው ካንቺ ይሆናል። በአደባባይ ከሚያዋርዳት ሰው ፊት ግን አብረሽ አትሳቂ። የምታውቀውን ነገር ጠይቂያት፤ አብራችሁ ስትቀሩ እሷ ትቀድምሽ የነበረበት ምዕራፍ የለም? እሱን ታስተምርሽ። ሰው ምንም አታውቂም እየተባለ ሲኖር የሚያውቀውን ይረሳል።

እጁን ካነሳባት ጉዳዩ የምክር ብቻ አይደለም። ከተጎዳች ጤና ጣቢያ አብረሻት ሂጂ፤ ማስረጃውም እዚያው ይያዛል። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በወንጀል ይቀጣል። መለየት ከፈለገች ኹልዕን ወይም ፈስኽን ቃዲ ያይላታል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ግን ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው፤ ባልየው እምቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት ክፍት ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ አትዘርግፊባት። ስትጠይቅሽ ግን "አላውቅም" እንዳትያት አስቀድመሽ እወቂው።

ለመጀመሪያው ቀን ምንም አትበያት። "ምን ልበላት?" ላልሽው መልሴ ይህ ነው። ቡና ይፈላ፤ ልጆቹን ያዢላት፤ ዐስርን አብራችሁ ስገዱ። በሳምንቱም ተመለሺ፤ ከዚያ በኋላም። እየተጨዋወታችሁ ሳለ ደጋግማ የምትላት አንዲት ቃል ትኖራለች፤ ቀልድ አስመስላ ትላት ይሆናል። ስትሰሚያት እሷን ጠይቂያት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።