ስለ ደጅ ሜዳና ስለ ጎረቤት ልጅ

በዛሬው ዘመን ሀብት ያለው ሰው ቤት ሲሠራ፥ ለአበባ ወይም ለእንሰት ይተወው የነበረውን የደጁን ቦታ በጠጠር አስደልድሎ፥ በላዩ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፎ፥ ዙሪያውንም በመረብ አጥሮ ለልጆቹ የኳስ ሜዳ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ሣር የፕላስቲክ ክር ነው፤ ክሩም ቀጥ ብሎ እንዲቆም በመካከሉ አሸዋና ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተፈጨ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል። ዝናብ ቢቀር አይደርቅም፥ ባይታጨድም አይረዝምም። እንግዲህ አባት ለልጁ እንዲህ ያለውን ሜዳ በደጁ ቢሠራለት መልካም አደረገለትን? ወይስ ሳያውቅ አንድ ነገር ነሣው?

አስቀድሞ የአባትየውን ምክንያት በቅንነት መመዘን ይገባል። ከተማ በሰፋ ቍጥር ልጆች ይጫወቱበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ቤትና ሱቅ ይሠራበታል፤ መንገዱንም መኪናና ባጃጅ ይይዘዋል። ስለዚህ ልጁን ከአደጋ ያራቀ አባት ስስታም ሊባል አይገባውም።

የሣሩም አጀማመር ከስስት የመጣ አይደለም። በአሜሪካ አገር የከተማ ልጆች መሮጫ ሜዳ አጥተው ሰውነታቸው ከባላገር ልጆች ይልቅ ደካማ ሆነ ተብሎ ስለ ታሰበ፥ ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ ተፈለሰፈ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ፕሮቪደንስ በምትባል ከተማ በሞዝስ ብራውን ትምህርት ቤት ተነጠፈ። ስሙ የገነነው ግን በ1966 እ.ኤ.አ. በሂውስተን ከተማ ነው። በዚያ ጣራው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ የሆነ ታላቅ የስፖርት አዳራሽ ተሠርቶ ነበር። የፀሓዩ ነጸብራቅ ተጫዋቾቹን ስላወካቸው ጣራው በቀለም ቢቀባ፥ ከሥር ያለው ሣር ብርሃን አጥቶ ሞተ፤ በሞተውም ፈንታ የፕላስቲኩ ተተካ። ሰው አስቀድሞ ፀሓይን ከለከለ፥ ከዚያ በኋላ ፀሓይ የማይሻ ሣር ፈለገ። የደጅ ሜዳም ነገር ይህን ይመስላል፤ አስቀድሞ የጋራው ሜዳ ይጠፋል፥ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ይፈልጋል።

የጋራ ሜዳ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት በደቡብ ኢትዮጵያ ምድር ያለችውን ጂንካን መመልከት ይበቃል። በዚህች ከተማ መካከል ለብዙ ዘመን አንድ ሰፊ የሣር ሜዳ ተዘርግቶ ነበር። ሜዳው የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ነገር ግን አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበት፥ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበት ነበር። አውሮፕላን በመጣ ጊዜ ባለጸጋውም ድኻውም እኩል ይለቁታል፤ በሄደ ጊዜም እኩል ይመለሱበታል። በ2009 ዓ.ም. አስፋልት የተነጠፈበት አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ተከፍቷል፤ የአሮጌው ሜዳ ትምህርት ግን አላረጀም።

በጂንካ ዙሪያ የሚኖሩት ኣሪዎች በቤታቸው አጠገብ እንሰትና ቡና ይተክላሉ፤ ደጃቸው ያበላል፥ ያጠጣል። የፕላስቲክ ሣር ግን ለላም አይታጨድም፥ በፀሓይም ጊዜ ከሕያው ሣር ይልቅ እጅግ ይግላል። የጎማው ፍርፋሪም በአፈርና በውኃ ስለሚበተን፥ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ሽያጩ ከስምንት ዓመት በኋላ እንዲቀር ደነገገ። ይህ ሁሉ የሣሩ ነውር ነው። የነገሩ ሥር ያለው ግን በአጥሩ ላይ ነው።

ልጆች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ኳሱ የእርሱ የሆነ ልጅ ሲሸነፍ ኳሱን አቅፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሜዳውም የእርሱ ከሆነ ግን መግባት እንኳ አያስፈልገውም፤ ሌሎቹን ማስወጣት ይችላልና። በጋራ ሜዳ የተጫወተ ልጅ መሸነፍን፥ ተራ መጠበቅን፥ ከማይወደው ጋራ መስማማትን ይማራል። በአባቱ ደጅ የተጫወተ ግን ይህን ትምህርት ሳያገኝ ሊያድግ ይችላል።

የሐመር ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ጎልማሳው በተሰለፉት ከብቶች ጀርባ ላይ በሚሮጥበት ቀን ድግሱን የሚደግሰው ቤተ ሰቡ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትና ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም ተሰብስቦ ያያል። ማንም ሳያየው የዘለለ ሰው በሕዝቡ ፊት ለአካለ መጠን ደረሰ አይባልምና።

«አባትየው በሩን ይክፈት፥ የጎረቤት ልጆችም ገብተው ይጫወቱ» የሚል ይኖራል። ይህ መልካም ነው፥ ሊደረግም ይገባዋል። ነገር ግን በእንግድነት የገባ ልጅና በሜዳው ላይ መብት ያለው ልጅ አንድ አይደሉም። እንግዳው ነገ ደግሞ እንዲፈቀድለት ዛሬ የባለቤቱን ልጅ ላለማስቀየም ይጠነቀቃል፤ አውቆ ይሸነፋል፥ ተገፍቶም ዝም ይላል። በዚህም አንዱ ልጅ ማጎብደድን፥ ሁለተኛው መጎብደድን እንደ ተገቢ ነገር መቀበልን ይለምዳል።

ከዚህም የሚከፋ ጉዳት አለ። የከተማው ባዶ ቦታ ለሕንጻ ሊለካ በሚመከርበት ቀን፥ ቃሉ የሚሰማለት ያ በደጁ ሜዳ ያለው ሰው ነው። ልጁ መጫወቻ ቢያጣ ኖሮ ተነሥቶ ይሟገት ነበር፤ አሁን ግን ልጁ አላጣምና ዝም ይላል። ቃላቸው የማይሰማላቸው የድኾች ልጆች ሜዳቸውን የሚያጡት በክፉ ሰው እጅ ብቻ ሳይሆን በዚህ ደግ አባት ዝምታም ነው።

ስለዚህ ለልጁ በደጁ ሣር ያነጠፈ አባት አይነቀፍ፤ ዕዳው ግን በአጥሩ ውስጥ አያበቃም። ከደጁ ውጭ ያለው የጋራ ሜዳ በተለካ ቀን፥ በዚያ ሜዳ የራሱ ልጅ እንደሚጫወትበት አድርጎ ይሟገትለት።